የአስፈሪ ፊልም ቅምሻ እንዴት እንደሚሠራ፤ ከበዴሳ ቪዲዮ ቤት አንጻር ሲታይ

አንድ ፊልም ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ስለ እርሱ የሚናገር ሌላ በጣም አጭር ፊልም ይቀድመዋል። ይህን ማስታወቂያ ፈረንጆች «ትሬለር» ይሉታል፤ የቃሉም ትርጉም ከኋላ የሚጎተት ማለት ነው። ቀዳሚው ነገር ተከታይ ተብሎ መጠራቱ የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያት አለው፤ በመጀመሪያው ዘመን ማስታወቂያው ይታይ የነበረው ዋናው ፊልም ካለቀ በኋላ ነበርና። በ1913 በኒው ዮርክ የማርከስ ሎው ቲያትር ቤቶች የማስታወቂያ ኀላፊ የነበረው ኒልስ ግራንሉንድ ስለ አንድ የመድረክ ሙዚቃዊ ጨዋታ አጭር ፊልም አዘጋጅቶ ማሳየቱ ለዚህ ልማድ መነሻ ተብሎ ይጠቀሳል። ውሎ አድሮ ግን ተመልካቹ ዋናው ፊልም እንዳለቀ እየተነሣ መውጣት ስላበዛ ማስታወቂያው ወደ ፊት ተዛወረ፤ ስሙ ግን እዚያው ኋላ ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ከትሬለርም አንድ አጭር ዐይነት ተለይቶ ወጥቷል። ስሙ በእንግሊዝኛ «ቲዘር» ነው፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ቅምሻ» እንለዋለን። ወጥ የምትሠራ ሴት በማማሰያው ጫፍ ቀንሳ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ያቺ ጠብታ የጨውን ልክ ትናገራለች እንጂ አታጠግብም። ቅምሻም እንዲሁ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። አንዳንዱ ዋናው ፊልም ተሠርቶ ሳያልቅ ስለሚወጣ በፊልሙ ውስጥ ፈጽሞ የማይገኝ ሥዕል እስከ ማሳየት ይደርሳል። ትሬለር ታሪኩን በአጭሩ ይተርካል፤ ቅምሻ ግን ታሪኩን ይሸሽጋል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ታሪክ የሌለው፣ ሰዎቹ እነማን እንደ ሆኑ የማይናገር፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ነገር ሰውን እንዴት ሊያስፈራ ይችላል? መልሳችንን አስቀድመን ለመናገር ያህል፣ የሚያስፈራው ቅምሻው ሳይሆን ተመልካቹ ራሱ ነው። ቅምሻው ምልክት ይሰጣል፤ የቀረውን ተመልካቹ ከራሱ ጎተራ አውጥቶ ይሞላዋል። ጎተራው ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። በዴሳ ተቀምጦ የሚያይ ሰውና ሎስ አንጀለስ ተቀምጦ የሚያይ ሰው አንዱን ሥዕል አይተው አንድ ነገር አያስቡም። ከዚህም የተነሣ ፊልም ሠሪዎቻችን የውጭውን ምልክት ቢዋሱ አንድ ችግር፣ የራሳችንን ምልክት ቢያነሡ ደግሞ ሌላ የከበደ ችግር ይገጥማቸዋል። ይህን ሁለተኛውን ወደ መጨረሻው ላይ እናነሣዋለን።

አስቀድመን «ዘውግ» ስለሚባለው ነገር ጥቂት እንበል። በመማሪያ መጻሕፍት ዘውግ ማለት የድርሰት ዐይነት ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ እውነት ቢሆንም ዘውግ በደራሲና በተመልካች መካከል ያለ ስምምነት መሆኑን ግን አይገልጥም። አያት «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ ጅቡ ሆዳም እንደሚሆን፣ ጦጣይቱ ብልጥ እንደምትሆን፣ ጭራቅ ከመጣም ሰው ሊበላ እንደ መጣ አስቀድመው ያውቃሉ። ማንም አላስረዳቸውም። የጭራቅ ስም ብቻውን ሸክሙን ተሸክሞ ይመጣል።

እንዲህ ያለው ስምምነት በተረት ብቻ አይደለም ያለው። በማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ካለችበት ቤት ደጃፍ ቢቆሙ ለምን እንደ መጡ የሚጠይቅ የለም። አንድ ቃል ሳይናገሩ እናትየው ታውቃለች፣ ልጅቱም ታውቃለች፣ አጥር ላይ የምትንጠለጠለዋ ጎረቤትም ታውቃለች። ነገሩን የተናገረው ወጉ ነው። የቅምሻም ጥበብ ከዚህ የራቀ አይደለም። ወጉን የማያውቅ እንግዳ ግን ሦስት ሽማግሌ ደጅ ቆመው ቢያይ መንገድ የጠፋባቸው ሊመስለው ይችላል።

የአስፈሪ ፊልም ቅምሻ ወግ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ አካሄድ አለው። መጀመሪያ ሰላማዊ የሆነ ነገር ይታያል፤ ቤት፣ ቤተሰብ፣ የሚጫወት ልጅ። ቀጥሎ ከቦታው የወጣ አንድ ትንሽ ነገር ይመጣል፤ የተከፈተ በር፣ የማይመልስ ድምፅ። ከዚያ ጸጥታ ይሆናል፤ ከጸጥታው በኋላ አርእስቱ ይወጣል። ተመልካቹ «አለቀ» ብሎ ትከሻውን ሲያወርድ አንድ የመጨረሻ ድንገተኛ ምት ይከተላል። ይህ የመጨረሻው ምት በዘመናችን እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ ተመልካቹ አስቀድሞ ይጠብቀዋል፤ እየጠበቀው ግን ይደነግጣል። ነገሩ የሚያስቅ ነው። ሆኖም ወግ ከመታወቁ የተነሣ ኀይሉን እንደማያጣ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመታወቁ የተነሣ ኀይል እንደሚያገኝ ይህ በቂ ማስረጃ ይመስለናል።

ከሥዕሉ ይልቅ ደግሞ ድምፁ ይበልጣል። በ1975 የወጣውን «ጆውስ» የተባለውን የሻርክ ፊልም ያላየ ሰው እንኳ ሁለቱን የሙዚቃ ድምፆች ያውቃቸዋል፤ ጆን ዊሊያምስ የጻፋቸው፣ ጎን ለጎን የተቀመጡና እየፈጠኑ የሚመላለሱ ሁለት ድምፆች ብቻ ናቸው። ዓሣው አይታይም፤ ሲቀርብ የምናውቀው በፍጥነቱ ነው። ዐይን ይከደናል፣ ጆሮ ግን ክዳን የለውም። የፈራ ተመልካች ፊቱን በነጠላው ቢሸፍን እንኳ ድምፁ ነጠላውን አልፎ ይገባል።

አሁን ጥቂት ምሳሌዎችን እንመልከት። በ1920 በርሊን ውስጥ «የዶክተር ካሊጋሪ ክፍል» የተባለው ፊልም ከመታየቱ በፊት «ካሊጋሪን መሆን አለብህ» የሚል ጽሑፍ በየግድግዳው ተለጥፎ ነበር። ካሊጋሪ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አላፊ አግዳሚ አልነበረም፤ ጽሑፉም አላስረዳም። ፊልም ሳይሆን ወረቀት ቢሆንም ከአሠራሩ አንጻር ቅምሻ ነው፤ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ምክንያት ይነፍጋል።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ» ለተባለው ፊልሙ ያወጣው ማስታወቂያ ከስድስት ደቂቃ በላይ ስለሚረዝም በመጠኑ ቅምሻ ሊባል አይችልም፤ ጠባዩ ግን የቅምሻ ነው። ሂችኮክ ራሱ እንደ አገር አስጎብኚ ሆኖ ቤቱንና የእንግዳ ማረፊያውን ክፍል ለክፍል ያሳየናል። ስለተፈጸመው ነገር መናገር ይጀምርና በመካከሉ ያቆማል፤ ፊቱን ይከሰክሳል፣ ያልፋል። በመጨረሻ የገላ መታጠቢያውን መጋረጃ ሲገልጠው አንዲት ሴት ትጮኻለች። የሚያስደንቀው ግን የምትጮኸው ሴት በፊልሙ ውስጥ በዚያ ቦታ የምትሞተዋ ጃኔት ሊ አለመሆኗ ነው፤ ሌላዋ ተዋናይ ቬራ ማይልስ ናት። ማስታወቂያው ዋሸ ማለት ነው፤ ነገር ግን የዋሸው ስለ ሰውየዋ እንጂ ስለ ፍርሃቱ አይደለም።

በ1979 ስለወጣው «ኤልየን» የሚናገረው ማስታወቂያ ደግሞ አንድም የሰው ንግግር የለበትም። እንቁላል ይታያል፣ ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁ ብርሃን ይወጣል፤ ከዚያ ሰዎች ሲሮጡና እንደ አደጋ ደወል ያለ የሚያለቅስ ድምፅ ሲሰማ ያበቃል። ያ እንቁላል በፊልሙ ውስጥ ካለው እንቁላል ጋራ አይመሳሰልም፤ የዶሮ እንቁላል ይመስላል። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም። ተመልካቹ በፊልሙ ያለውን እንግዳ ነገር ቢያይ ምን እንደ ሆነ ስለማያውቅ አይፈራም ነበር፤ የዶሮ እንቁላልን ግን ሁሉም ያውቀዋል፣ ከውስጡ ምን መውጣት እንዳለበትም ያውቃል። ፍርሃቱ የሚመጣው ከሚታወቀው ነገር የማይታወቅ ነገር ሲወጣ ነው። ከምሳሌዎቹ ሁሉ በበዴሳ ያለ ማንም ሰው ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው ይህን ነው ብንል አናጋንንም።

የስታንሊ ኩብሪክ የ1980 «ዘ ሻይኒንግ» ቅምሻ አንድ ሥዕል ብቻ ነው። የተዘጉ የአሳንሰር በሮች ከፊታችን ይቆማሉ፤ የሠሪዎቹ ስም ቀስ ብሎ ሽቅብ ያልፋል፤ ካሜራው አይንቀሳቀስም። ከዚያ ከበሮቹ ዳር ደም እንደ ጎርፍ ይወርድና መተላለፊያውን ያጥለቀልቀዋል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ለማንኛውም ተመልካች በሚታይ ማስታወቂያ ላይ ደም ማሳየት ክልክል ስለ ነበር ኩብሪክ ለመርማሪዎቹ «ይህ ደም አይደለም፣ የዛገ ውሃ ነው» ብሎ አሳለፈው እየተባለ ይተረካል። ከመካከላችን የአንዳችን አያት ይህን ቅምሻ ከስልክ ላይ አብረውን ባዩ ጊዜ የጠየቁት ያን ሁሉ ማን ያጥበዋል ብለው ነበር። በእርግጥም የደጅ ውሃ ቀድቶ ወለል ያጠበ ሰው ጥያቄ ነው፤ ፍርሃቱ ግን አልደረሳቸውም።

እዚህ ላይ ስለ ክልከላው አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በአሜሪካ ለአጠቃላይ ተመልካች የተፈቀደ ማስታወቂያ በመግቢያው አረንጓዴ ሰሌዳ ይታይበታል፤ ይህንንም ለማግኘት ደምና ጭካኔን መቀነስ ግዴታ ነው። በ2014 ደግሞ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ማስታወቂያዎች ከሁለት ደቂቃ እንዳይበልጡ መመሪያ አወጣ። ብዙ ሰው የቅምሻን ቁጥብነት ከሠሪው ብልኀት ብቻ የመጣ ይመስለዋል። ግማሹ ግን ከክልከላው የመጣ ነው፤ ማሳየት የተከለከለ ሰው መጠቆምን ይማራል። በኋላም ክልከላው ቢነሣለት እንኳ መጠቆሙን አይተውም፤ የበለጠ እንደሚሠራ አውቆታልና።

ወደ አገራችን ስንመለስ ፊልምና ፍርሃት ገና ከመጀመሪያው የተዋወቁ ሆነው እናገኛቸዋለን። በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠርቶታል። የሚታየው ፊልም አስፈሪ ሆኖ አይደለም፤ ሥዕል መንቀሳቀሱ ራሱ አስፈሪ ሆኖ ነው። ሆኖም በዚህ ስም የተቀበልነው ሲኒማ ሥር ከሰደደ በኋላ አስፈሪ ፊልም በአማርኛ ሥራዎች መካከል ሰፊ ቦታ አላገኘም። «ሂሩት አባቷ ማን ነው» በ1960ዎቹ አጋማሽ ከታየ ወዲህ፣ ይልቁንም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በዲጂታል ካሜራ የሚሠሩ ፊልሞች ከበዙ ወዲህ፣ በየሲኒማ ቤቱ ደጃፍ የሚለጠፈው ሥዕል ላይ የምናነበው «የፍቅር ፊልም»፣ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም»፣ «የቤተሰብ ፊልም» የሚል ነው። ለፍርሃት በጣም የሚቀርበው «ልብ አንጠልጣይ» የሚባለው ነው፤ እርሱም ቢሆን ስለ ወንጀልና ስለ ማሳደድ እንጂ ስለ ጭራቅ አይደለም።

ይህ በማስታወቂያዎቻችን ጠባይ ላይ ይታያል። የአማርኛ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ተናጋሪ ነው። ሰዎቹ ይጣላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ምሥጢሩ ግማሹ ይወጣል፣ ከዚያ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ «በቅርብ ቀን» ይላል። ለፍቅር ፊልም ይህ ነውር የለውም፤ ተመልካቹ ማን ከማን ጋራ እንደ ተጣላ ማወቅ ይፈልጋልና። አስፈሪ ቅምሻን ግን የሚገድለው ይኸው ንግግር ነው።

በዴሳ በወላይታ ዞን የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሶዶ በስተ ምሥራቅ ስትገኝ፣ ወረዳውም ወደ ብላቴ ወንዝ ቆላ ይወርዳል። ሲኒማ ቤት የሚባል አዳራሽ የለባትም። እንደ ሌሎቹ ትንንሽ ከተሞች ፊልምን ያስተማራት ቪዲዮ ቤት ነው፤ አግዳሚ ወንበር፣ በመስኮቱ ላይ የተወጠረ ጥቁር ጨርቅ፣ ቴሌቪዥን፣ ፊት ለፊቱም የቀኑ ፊልም በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ። ዛሬ ወጣቱ በስልኩ ስለሚያይ ቪዲዮ ቤት እንደ ድሮው አይጨናነቅም፤ ነገር ግን የማየት ልማዳችንን የቀረጸው እርሱ ነው።

ቪዲዮ ቤቱ የራሱ ቅምሻ አለው። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ያስቀምጠዋል፤ ሥዕሉ ለከፈለ፣ ድምፁ ለመንገደኛው ነው። ከገበያ የሚመለስ ሰው ጩኸት፣ የተሰበረ መስታወት፣ የሚሮጥ እግር ይሰማል፤ ምን እንደ ሆነ አያይም፤ ማየት ቢፈልግ ገብቶ ይከፍላል። ቅምሻ በሥዕል ከሚሠራው ይልቅ በድምፅ የሚሠራው ይበልጣል ያልነውን የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ብዙው ፊልም የሚታየው «ትርጉም ፊልም» በሚባለው መልክ ነው፤ ይኸውም አንድ ተራኪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ እየተናገረ የሚያስረዳው ነው። ተራኪው ደግሞ ዝምታን አይወድም። ልጅቱ በጨለማው መተላለፊያ ስትሄድ «አሁን ወደ ክፍሉ እየገባች ነው፤ ከኋላዋ ያለውን አላየችም» ብሎ ይነግረናል። የፈረንጁ ሠሪ ብዙ የደከመበትን ጸጥታ ተራኪው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሞላዋል። እኛ ተራኪውን አንወቅሰውም፤ ብዙ ሰው ፊልም ያየው በእርሱ ነው። ነገር ግን በእርሱ ጆሮው የተገራ ተመልካች ጸጥታ ሲያጋጥመው ድምፅ ማጉያው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል።

ከውጭ የመጡትን ምልክቶች አንድ በአንድ ብናነሣ ብዙዎቹ በዴሳ ሲደርሱ ይደክማሉ። ከጣሪያ ሥር ያለ የዕቃ ክፍልና ከወለል በታች ያለ ምድር ቤት ለአሜሪካዊው የልጅነት ፍርሃቱ ናቸው፤ በበዴሳ ግን እንዲህ ያለ ክፍል ያለው ቤት የለም። አሮጌ የሸክላ አሻንጉሊት ለብዙ ልጆቻችን ፈጽሞ ያልነበራቸው ነገር ነው፤ ያልነበረህ አሻንጉሊት ደግሞ አይከዳህም። መብራት ድንገት መጥፋቱ በአስፈሪ ፊልም ሁሉ የክፉው መምጣት ምልክት ነው፤ በቪዲዮ ቤት ግን መብራት መጥፋት ማለት መብራት ጠፋ ማለት ነው፤ ሕዝቡ ያፏጫል፣ ገንዘቡ እንዲመለስለት ይጠይቃል። የስልክ ኔትወርክ አለመኖሩም በአዳዲሶቹ ፊልሞች የጥፋት መጀመሪያ ነው፤ ለእኛ የአዘቦት ቀን ነው።

ታዲያ በዚህ ተመልካች ጎተራ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ባዶ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የጅብ ድምፅ አለ፤ እርሱንም ለመስማት ከከተማው ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ሲመሽ ከቤት ጀርባ ያለው የእንሰት ጓሮ አለ፤ ቅጠሉ ሰፊ ስለ ሆነ ከበስተኋላው የቆመውን አያሳይም፣ ነፋስ ሲነካውም ሰው የሚራመድ ይመስላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን ቀትር ነው። የፈረንጅ አስፈሪ ፊልም ፍርሃትን በሌሊት አኑሮታል። በእኛ አገር ልማድ ግን ክፉ መንፈስ በቀትርም ይወጣል፤ በመዝሙረ ዳዊት ስለ ቀትር ጋኔን የተነገረውን ያልሰማ የለም፤ በሰሜንም ሆነ በደቡብ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን በቀትር ወንዝ ዳር እንዳይሄዱ ይከለክላሉ፣ በድንገት የታመመውንም «ለክፎት ነው» ይላሉ።

ይህን ይዘን አንድ ቅምሻ በሐሳባችን ብንሠራ እንዲህ ይሆናል። ስፍራው የብላቴ ዳር ነው፤ ቀትር ነው፤ ሰማዩ ከሙቀቱ የተነሣ ነጭ ሆኗል። በድንጋይ ላይ የተሰጣ ልብስ ይታያል። ቢጫ ጀሪካን በጎኑ ወድቆ ውሃው ጉልክ ጉልክ እያለ ይፈሳል። ሰው የለም። የወፍና የነፍሳት ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያቆማሉ። ጀሪካኑ ብቻ መፍሰሱን ይቀጥላል። «በቅርብ ቀን»። ደም የለም፣ ጨለማ የለም፣ ጩኸት የለም። ለኒው ዮርክ ተመልካች ይህ የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ማስታወቂያ ሊመስለው ይችላል፤ ልጁን ውሃ የላከ ሰው ግን ይገባዋል። ወጪውም ጥቂት ነው፤ ይህን የምንጠቅሰው ፊልም መሥራት የሚያስቡ ጓደኞች ስላሉን ነው።

እስካሁን የተናገርነው ነገሩ የምርጫ ጉዳይ ብቻ ሊያስመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ከጎተራችን የሚወጣው ሁሉ እንደ ቀትር ንጹሕ አይደለም። ሌላ ቅምሻ እናስብ። ሸክላ የሚተኮስበት እሳት በሌሊት ይነድዳል። ጭቃ የነካው የሴት እጅ ይታያል፤ ፊቷ አይታይም። የጅብ ድምፅ ይሰማል። የታመመ ሕፃን ያቃስታል። አርእስት ይወጣል። አራት ሥዕል፣ ዐሥራ አምስት ሴኮንድ። በወግ ደረጃ ብንመዝነው ከቀትሩ ይበልጣል፤ የአማርኛ ተመልካች አንድ ቃል ሳይነገረው «ቡዳ» ይላል። ቅምሻው ግን አላለም። ያለው ተመልካቹ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ጭራቅ ጎረቤት የለውም፣ ለገበያ አይወጣም፣ ልጁን ትምህርት ቤት አይልክም። ቡዳ ተብሎ የሚጠረጠረው ግን ሰው ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ የሚታማው ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በወላይታ ደግሞ ጭናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች ገበሬው ሳይጋባቸው፣ በማዕድም አብሯቸው ሳይቀርብ ለብዙ ዘመን ተለይተው ኖረዋል። የእጅ ሥራ ሰዎች መናቅ በመንግሥትም ዘንድ ሳይታወቅ የቀረ ነገር አይደለም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው ስም መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጅ ግን ምላስን እንጂ ሐሳብን አይይዝም። ቅምሻ የሚሠራው ደግሞ ከምላስ በታች፣ በሐሳብ ላይ ነው። በአዲስ አበባ የተሠራ የአማርኛ ቅምሻ የሰሜኑን ሐሜት ይዞ በስልክ በዴሳ ይገባል፤ እዚያም አስቀድማ የተገለለች ሸክላ ሠሪ ያገኛል። ማክሰኞ ቅምሻውን ያየ ልጅ ሐሙስ ገበያ ላይ ጀበና የምትሸጠዋን ሴት እጅ ያያል።

ይህ ሥጋት ያለ መጠን የተጋነነ ነው የሚለን ቢኖር ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛው በ1999 የወጣው «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ነው። ሠሪዎቹ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ሦስት ተማሪዎች በጫካ ጠፍተዋል የሚል የአፋልጉን ወረቀት በትነው፣ በኢንተርኔትም የምርመራ ማስረጃ የሚመስል ነገር አውጥተው ነበር። ብዙ የተማረ ሕዝብ እውነት መስሎት ወደ ሲኒማ ቤት ገባ። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለው ጽሑፍ ራሱ ከአስፈሪ ፊልም ወጎች አንዱ ነው፤ በብሌር ዊች ላይ ግን ጠንቋይቱ በሠሪዎቹ የተፈጠረች ናት። በሸክላ ሠሪዋ ሥዕል ሥር ቢጻፍስ?

ሁለተኛው የ«ጆውስ» ነገር ነው። ፒተር ቤንችሊ መጽሐፉን በ1974 ሲያወጣ፣ ፊልሙም በዓመቱ ሲከተል፣ ሻርክ ሆን ብሎ ሰው የሚያድን ገዳይ ሆኖ በሕዝብ ሐሳብ ገባ። ቤንችሊ ራሱ በኋላ ዘመኑ ስለ ሻርኮች ጥበቃ ሲሟገት ኖረ፤ ያን መጽሐፍ በኋላ ባገኘው ዕውቀት ሊጽፈው እንደማይችልም ተናግሯል። የተጎዳው ዓሣ ነበር። ዓሣ በገበያ ቀን ማንም አይሸሸውም፣ ልጁም ሚስት አያጣም።

ከእነዚህ የተነሣ አስፈሪ ፊልም በአማርኛ አይሠራ የሚል ሐሳብ የለንም። ወጉን መገልበጥ ይቻላልና። ሂችኮክ ተመልካቹ የጠበቀውን ፊት በሌላ ፊት እንደ ለወጠ፣ እዚህም የሚለወጠው የካሜራው መቆሚያ ነው። እሳቱ ያው ነው፣ ጭቃ የነካው እጅ ያው ነው፣ ጅቡም ይጩኽ። ነገር ግን ካሜራው በሸክላ ሠሪዋ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ሴትየዋ ጀበናውን አስቀምጣ ቀና ትላለች። ፊቷ ይታያል፤ ይህ ዋናው ነገር ነው፣ ቅምሻ ፊት የነሣው ሰው ሁሉ ወደ ጭራቅነት ያደላልና። ከውጭ ብዙ እግር ሲመጣ ይሰማል። ልጇን ወደ ራሷ ትስበዋለች። በሩ ይመታል። ከውጭ የሚጣራው የጎረቤት ድምፅ ነው፤ በስሟ ይጠራታል። ትንፋሿን ትይዛለች። አርእስት። ከዚያ እንደ ልማዱ የመጨረሻው ምት፤ በሩ እንደ ገና ይመታል።

ይህን የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቢለቀው ሥዕሉ ይቀርና ሦስት ነገር ብቻ ይሰማል፤ የብዙ ሰው እግር፣ የበር ምት፣ የተያዘ ትንፋሽ። ከገበያ የሚመለሰው መንገደኛ ቆሞ ቢያዳምጥ ከበሩ በየትኛው ወገን እንደ ቆመ ከድምፁ ብቻ ሊያውቅ አይችልም፤ ለማወቅ ከፍሎ መግባት ይኖርበታል።